የተጠማ ራስ ስንት ማንኪያ ይጠጣል

የካቲት ሃያ ሦስት፣ ማክሰኞ ነበር። ለብዙ ሰው እንዲህ ብዬ ተናግሬያለሁ። አሁን ልጽፈው ስቀመጥ ግን ተጠራጠርኩ። ጸጉር ሠሪዋ ቢሮዬ የመጣችው በዕረፍት ቀኗ ነው፤ የምትሠራበት የሴቶች ጸጉር ቤት ደግሞ የሚዘጋው ሰኞ ብቻ ነው። እንግዲህ ወይ ቀኑ ሃያ ሁለት ነበር፣ ወይ እኔ ከእናቴ ሞት በኋላ ያሉትን ሳምንታት በቅደም ተከተል መደርደር አቅቶኛል። ዝናብ እንደነበረ ግን አልጠራጠርም። ጃንጥላዋን በሩ ላይ አራግፋ ስትገባ አንዲት ጠብታ ጠረጴዛዬ ላይ ከነበረው ወረቀት አረፈች። ወረቀቱ ዛሬም አለኝ፤ ጠብታዋ ያረፈችበት ቁጥር ደብዝዟል።

ሰፈሩ በሙሉ «ሚዶ» ነው የሚላት። ጸጉር ሠሪ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ የፊት ጥርሶቿ ተራርቀው ስለበቀሉ ነው። ስሙን ያወጣላት ታናሽ ወንድሟ ነው ይባላል። እሷ ግን አልከፋትም። «ሚዶ ጥርሱ ካልተራራቀ ምኑን ያበጥራል?» ትላለች።

እኔ የምተዳደረው የአዋጭነት ጥናት በማዘጋጀት ነው። ምጣኔ ሀብት ተምሬ ከዩኒቨርሲቲ ስወጣ አገር የማቀና መስሎኝ ነበር፤ ዕጣዬ ግን ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ጠባብ ክፍል ሆነች። ዶሮ ማርባት ያማረው፣ ብሎኬት ማምረት የፈለገ፣ ዳቦ ቤት ሊከፍት ያሰበ ሰው ደረጃውን እያለከለከ ይወጣና ሕልሙን ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀምጣል። እኔም ሕልሙን በሠንጠረዥ እከፋፍልና አብዛኛውን ጊዜ ቀንሼ እመልስለታለሁ።

ሚዶን የማውቃት ግን በሌላ መንገድ ነው። እናቴ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ከቤት መውጣት ስታቆም፣ በየሦስት ሳምንቱ ሰኞ ከሰዓት ቤት ድረስ እየመጣች ጸጉሯን ትሠራላት ነበር። እኔ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ስለምሆን እምብዛም አንገናኝም። ማታ ስገባ መምጣቷን የማውቀው በእናቴ ትራስ ሽታ ነበር።

ከቦርሳዋ አንድ የብርጭቆ ብልቃጥ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

«ጋሼ፣ የምፈልገው በአንድ ቃል ነው።»

«ምኑን?»

«ያዋጣል ወይስ አያዋጣም።»

ነገሩ እንዲህ ነው። መንገዱ ጥግ ላይ፣ በጫማ ሠሪውና በመድኃኒት ቤቱ መካከል፣ ቧንቧ ያላት አንዲት ክፍል ለኪራይ ቀርባለች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ሾፌር ናቸው። ቁልፏን እስከ ቀጣዩ ወር የመጨረሻ ቀን፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሊያቆዩላት ቃል ገብተዋል፤ ከዚያ በኋላ የሞባይል ጥገና ሊከፍት የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ሚዶ በአሥራ አንድ ዓመት ያጠራቀመችው ገንዘብ ለክፍሏ ቅድሚያ ክፍያ፣ ለሁለት ወንበርና ለጥቂት ወራት መደጎሚያ ብቻ ይበቃል። ከተሳሳተች ወደ ኋላ መመለሻ የላትም። ማዳም የሚሏት የጸጉር ቤቱ ባለቤት ቁርጡን ነግራታለች፦ «መሄድ መብትሽ ነው። ግን ወንበር ሰው አይጠብቅም፤ ስትወጪ ሌላ ይቀመጥበታል።»

ብልቃጡን ከፈትኩት። ተልባ ተቀቅሎ የተጠለለ፣ እሬት የገባበት፣ የጉሎ ዘይት ጠብ ጠብ የተደረገበት፣ የሚያሟልጭ ነገር ነው። አሸተትኩት፤ የእናቴ ትራስ ነበር። ቶሎ ከደንኩት።

«መላጣ ሰው ስለ ጸጉር ምን ያውቃል ብለሽ አልፈራሽም?» አልኳት፣ ድምፄን ለማስተካከል።

«ኧረ ጋሼ! እንዲያውም ለዚህ ነው የመረጥኩዎ። ለራሱ የማያደላ ዳኛ ከየት አገኛለሁ?»

ቅጹ ላይ «የሥራ ልምድ» የሚል ሣጥን አለ። ሰው ሁሉ ሁለት መስመር ብሎ ያልፈዋል። እሷ ግን ግማሽ ሰዓት ወሰደችበት፤ እኔም አላቋረጥኳትም። በአሥራ አራት ዓመቷ አክስቷ ጸጉር ቤት ገባች፤ መጀመሪያ ፎጣ አጣቢ፣ ቀጥላ ቢጎዲን ጠቅላይ፣ ከዚያ ሹሩባ ሠሪ ሆነች። ሃያ ዓመት ሲሞላት ለብቻዋ ወንበር ተሰጣት። አንድ ቀን፣ ለሠርጓ ሁለት ቀን የቀራት ሙሽራ መጥታ ጸጉሯ በኬሚካል እንዲለሰልስ ፈለገች። ሚዶ እንደተማረችው ቀባች፣ እንደተማረችው ሰዓት ጠበቀች። ስታጥባት ጸጉሩ ከውኃው ጋር ወረደ።

«ሙሽራዋ አላለቀሰችም» አለችኝ። «ያለቀስኩት እኔ ነኝ። እሷ ምን እንዳለችኝ ያውቃሉ? ‹አንቺም የታዘዝሽውን ነው የሠራሽው› አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ኬሚካል አልነካችም። ተልባ መቀቀል የጀመረችው ያኔ ነው። ብዙ ድስት አሳርራለች፤ በገዛ ራሷና በወንድሟ ሚስት ራስ ላይ ሞክራለች። «የወንድሜ ሚስት እስካሁን አልታረቀችኝም፤ ጸጉሯ ግን ወገቧ ደርሷል።»

እኔ እንደ ልማዴ መጀመሪያ ያሰብኩት ብልቃጥ ነው። በብልቃጥ አሽጎ፣ ወረቀት ለጥፎ፣ ለሱቅ ማከፋፈል። እሷ ሳቀችብኝ።

«ከአሥር ቀን በኋላ ይበላሻል ጋሼ። ማቆያ አልጨምርበትም። ሱቅ ከገባ ስሜ ነው የሚሸተው።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምትሸጪው?»

«ራስ ላይ ነዋ የምሸጠው! አጥቤ፣ አጠጥቼ፣ ሠርቼ እልካለሁ። የእኔ ብልቃጥ ራስ ነው።»

ስለዚህ መለኪያችን ራስ ሆነ። ለአንድ ራስ መቶ ሃምሳ ብር ታስከፍላለች። የአንድ ማንኪያ ቅባት ወጪ፣ ተልባውም ዘይቱም ኤሌክትሪኩም ተደምሮ፣ አሥር ይሆናል። ሳሙና፣ ውኃና ፎጣ አሥራ አምስት። ለኪራይ፣ ለምትቀጥራት ረዳት ደመወዝና ለመብራት በቀን አራት መቶ ያስፈልጋታል። ሁለት ሆነው በቀን ስድስት ራስ ይሠራሉ። የጎደለን አንድ ቁጥር ብቻ ነበር፦ አንድ ራስ ስንት ማንኪያ ይጠጣል?

«እጄ ያውቀዋል» አለች።

«እጅሽን ሠንጠረዥ ውስጥ ማስገባት አልችልም» አልኳት።

በዚህ ምክንያት ነው ሦስት ቅዳሜ ጸጉር ቤት ጥግ ላይ ተቀምጬ ማንኪያ የቆጠርኩት። ማዳም ፈቀደች፤ «መቁጠር አይከለከልም» ብላ። ክፍሉ ረጅምና ጠባብ ነው፤ በአንድ በኩል መስታወት፣ በሌላው በኩል እንደ ወታደር የተሰለፉ ሦስት የጸጉር ማድረቂያ ካስኮች፣ ከሥራቸው ጉንጫቸው የቀላ ሴቶች። ከሙቀቱ የተነሳ መነጽሬ ላይ እንፋሎት እያረፈ እጠርገዋለሁ።

«እኚህ ሰውዬ እዚህ ምን ጠፍቷቸው ነው?» አለች አንዷ ከካስክ ሥር፤ ካስክ ውስጥ ያለ ሰው የሚንሾካሾክ እየመሰለው ይጮኻል።

«ጸጉራቸው ነዋ! የጣሉበት ጠፍቷቸው ቤት ለቤት እየፈለጉ ነው» አለች ሁለተኛዋ።

«ተዉት ልጁን» አሉ ጡረታ የወጡ ነርስ፤ የእናቴ ጓደኛ ነበሩ። እኔ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ለእሳቸው ግን ልጁ ነኝ። «እናቱ ይቺን ቅባት ስታመሰግን ኖራ ነው የሞተችው። ና እስቲ አንተ፣ ቀረብ በል፤ የኔን ራስ በደንብ ቁጠር። ከሰው አሳንሰህ እንዳትጽፈኝ!»

ቆጠርኩ። አራት ማንኪያ። የባንክ ሠራተኛዋ አራት። የመንታዎቹ እናት አምስት። ልብስ ሰፊዋ ሦስት ተኩል። ሃያ ሁለት ራስ ቆጥሬ አማካዩ አራት ማንኪያ ሆነ። ቢሮዬ ገብቼ አሰላሁት፦ ከአንድ ራስ ዘጠና አምስት ይተርፋል፤ በስድስት ራስ አምስት መቶ ሰባ። አራት መቶው ወጪ ሲቀነስ በቀን መቶ ሰባ ለራሷ ይቀራታል፤ ማዳም ቤት ከምታገኘው ይበልጣል። ከሠራኋቸው ጥናቶች ሁሉ እንዲህ የጠራ አይቼ አላውቅም። መደምደሚያውን አድምቄ ጻፍኩት፦ «አዋጭ ነው።» በሰማያዊ ማኅደር አድርጌ አስቀመጥኩላት፤ እውነቱን ለመናገር በራሴ ኮርቼ ነበር።

ልትወስደው የመጣችው በቀጣዩ ወር የመጨረሻ ቀን፣ ስምንት ሰዓት አካባቢ ነው። ለሾፌሩ ሦስት ሰዓት ቀርቷታል። ማኅደሩን ከፍታ በጣቷ እየተከተለች ማንበብ ጀመረች። ሠንጠረዡ ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«ጋሼ... እነዚህ ሃያ ሁለቱ የጠገቡ ናቸው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«የጠገቡ ራሶች! የኔ ናቸው እኮ። አምስት ዓመት፣ ሰባት ዓመት ያጠጣኋቸው። ለነሱማ አራት ይበቃቸዋል። አዲስ የምትመጣዋስ? በካውያ የተጠበሰችው፣ በኬሚካል የተቃጠለችው? የሷ ራስ የተጠማ ነው። ማንኪያው ሳያርፍ ይውጠዋል። አሥር ትጠጣለች።» ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ወይኔ! እርስዎስ አያውቁም፤ እኔ ምን ሆኜ ነው? ቅዳሜ እኮ የሚመጡት የኔዎቹ ብቻ ናቸው!»

እርሳሴን አነሳሁ። አሥር ማንኪያ መቶ ነው። አሥራ አምስት ሲጨመር መቶ አሥራ አምስት። ከአንድ ራስ ሠላሳ አምስት ይተርፋል፤ በስድስት ራስ ሁለት መቶ አሥር። በቀን መቶ ዘጠና ከኪሷ ትከፍላለች ማለት ነው። የአሥራ አንድ ዓመቱ ገንዘብ ወንዝ ዳር እንደተተወ ጨው ይሟሟል። ያደመቅኩትን ቃል አየሁት፤ አፈርኩ።

«እንግዲያው አትግቢበት» አልኳት። «ወይም በማንኪያ አስከፍዪ። ብዙ የጠጣ ብዙ ይክፈል።»

ቀና ብላ አየችኝ። በዚያች ሰዓት ትፈራለች ብዬ ነበር፤ የተቆጣች ነው የመሰለችው።

«ጸጉሯ ተቃጥሎ የመጣች ሴት ላይ ቅጣት ልጨምርባት? ያቺን ሙሽራ ‹አሥር ጠጥተሻል፣ ጨምሪ› ልበላት? አይሆንም። ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው።»

«ቁጥሩ ግን እሺ አይልም።»

«የርስዎ ቁጥር ገና የሦስት ቅዳሜ ልጅ ነው። ይኸውና የኔ።»

ከቦርሳዋ ዳርና ዳሩ የዘይት ወዝ የጠጣ ወፍራም ደብተር አወጣች። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የነካችው ራስ ሁሉ እዚያ ውስጥ አለ። ስም የለም። «መንታ እናት»፣ «ከርዳዳዋ»፣ «ሳቂታዋ ባንክ»፣ «ነርስ እማማ» እያለ ይወርዳል። ከእያንዳንዱ ፊት ቀን፣ ከቀኑ ሥር የማንኪያ ቁጥር። ለእኔ የተበታተነው ቀን ሁሉ እሷ ጋ ተደርድሮ ተቀምጧል።

«ይህን ደብተር ያኔ ለምን አላሳየሽኝም?»

«አልጠየቁኝማ! ደግሞ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት፤ በቅባት የተለወሰ ደብተር ምን ያደርግላቸዋል ብዬ ነው።»

ወንበሬን ወደ እሷ አዞርኩና አብረን አነበብን። ነገሩ ያኔ ተገለጠልኝ። አዲስ ራስ በአሥር ይጀምራል። በሁለተኛው ስምንት፣ በሦስተኛው ስድስት፣ በአራተኛው አራት ይሆንና ይቆማል። ከዚያ በኋላ ለዓመታት አራት፣ አራት፣ አራት ነው። የተጠማው ይጠግባል። ሦስት ጊዜ የቻለቻት ሴት ከአራተኛው ጀምሮ ታተርፍላታለች።

«በአንድ ቀን ስንት የተጠማ ትቀበያለሽ?»

«ከሁለት በላይ አልቀበልም፤ ክንዴም አይችልም። እነሱ እሽት ይፈልጋሉ። የቀሩት አራቱ ከጠገቡት ናቸው።»

አራት የጠገበ፣ ሁለት የተጠማ። እንደገና አሰላሁ። የተጠሙት ሁለቱም ገና የመጀመሪያቸው ቢሆን እንኳን አራት መቶ ሃምሳ ይገባል። ለራሷ ሃምሳ ይቀራታል፤ ለመኖር አይበቃም፣ ግን ጉድጓድ የለውም። መደጎሚያው ገንዘብ የሚያስፈልገው ለእንጀራዋ ብቻ ነው፤ ከሁለት ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹ ይጠግባሉ። ሁሉም ነገር በአንድ ጥያቄ ላይ ተንጠለጠለ፦ የጠገቡት ይከተሏታል ወይ?

«ጠይቀሻቸዋል?»

«አልጠየቅኩም። የማዳም ወንበር ላይ ተቀምጬ የማዳምን ደንበኛ አላስኮበልልም። ከወጣሁ በኋላ የፈለገች ትመጣለች።»

«እንደሚመጡ በምን እናውቃለን ታዲያ?»

ገጾቹን ወደ ኋላ ገለጠች። ከስድስት ዓመት በፊት ከአክስቷ ጸጉር ቤት ወደ ማዳም የተዛወረችበት ገጽ ላይ አቆመች። መሃሉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ መስመር ተሰምሮበታል። ከመስመሩ በላይ አርባ የጠገቡ ራሶች ነበሩ። ከመስመሩ በታች አንድ በአንድ ቆጠርኳቸው። አንዱ ራስ በሳምንቱ፣ ሌላው በወሩ፣ አንዷ «ጠፍታ የመጣች» ተብላ በሰባተኛው ወር ትታያለች። ሠላሳ ሦስት። ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ጥሪ፣ ሁለት አውቶቡስ ተሳፍረው ከአርባ ሠላሳ ሦስቱ ተከትለዋታል። ዛሬ ዘጠና አንድ የጠገበ ራስ አላት፤ እያንዳንዷ በየሦስት ሳምንቱ ስለምትመለስ፣ በቀን አራት ለማግኘት ሰባ ሁለት ይበቃታል። ያው ድርሻ ከተከተላት ሰባ አምስት ይሆናል።

እኔ በሥራዬ ዘመን ለስንት ሰው «የገበያ ጥናት» ብዬ የግምት ቁጥር ጽፌያለሁ። እንዲህ በእጅ የተዳሰሰ ገበያ ግን አይቼ አላውቅም።

«ጠባብ ነው» አልኩ። «ሦስት ራስ ብቻ ነው የሚተርፍሽ። ብትታመሚ፣ ኪራይ ቢጨምሩብሽ፣ ተልባ ቢወደድ...»

«በአንድ ቃል ነው ያልኩዎ ጋሼ።»

«ያዋጣል።»

ተራርቀው የበቀሉት ጥርሶቿ ሁሉ ታዩ። «አዬ! ይሄን ለማለት ነው ሦስት ቅዳሜ ሴቶቹን ሲቆጥሩ የከረሙት?» አለችና ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ ገንዘቧን ነካ አድርጋ አረጋገጠች። የግድግዳው ሰዓት አሥር ተኩል ይላል።

«አዲሱን እስክጽፍልሽ ትንሽ ቆዪ። ደብተሩን ስጪኝ፣ ቁጥሮቹን ልገልብጥ።»

በችኮላ እገለብጥ ጀመር። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ገጽ ላይ እርሳሴ ቆመ። «እማማ መምህርት» ይላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማረችው እናቴ ናት።

መስመሯን በዓይኔ ተከተልኩ። አሥር፣ ስምንት፣ ስድስት፣ አራት። ከዚያ ለአንድ ዓመት አራት፣ አራት። ሕመሙ ሲጠና ጸጉሯ መሳሳት ጀመረ፤ ቁጥሩም አብሮ ወረደ። ሦስት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ አንድ። መውረዱ ትክክል ነው፤ ያን ራስ የሚያውቅ ሰው ያነበዋል። የመጨረሻው ቀን ግን ከመሞቷ አራት ቀን በፊት ያለው ሰኞ ነው። ያን ሰኞ እኔ ለስብሰባ ሌላ ከተማ ነበርኩ። ከቀኑ ሥር ዘጠኝ ይላል። ዘጠኝ ማንኪያ።

በዚያን ሳምንት እናቴ ራስ ላይ የቀረው ጸጉር ለአንድ ማንኪያም አይበቃም ነበር። የቀረው ስምንቱ ምን ላይ ዋለ? እጇ ላይ? እግሯ ላይ? ስንት ሰዓት አብረው ቆዩ? በቃ አላለቻትም? ወይስ ጨምሪልኝ አለቻት? ሌላስ ምን አለች? ስለ እኔ ያለችው ነገር ይኖር ይሆን? ከዚያ በኋላ በስልክ ያገኘኋት አንዴ ብቻ ነበር፤ እሱም የተቆራረጠ።

«ሚዶ» አልኩ፣ ጣቴ ከቁጥሩ ሳይነሳ፣ «ይቺ...»

«ጨረሱ? ጨርሰዋል!» ደብተሩን ከሥሬ ሳብ አድርጋ ከደነችው፤ አላየችኝም፤ ዓይኗ ሰዓቱ ላይ ነበር። «ሾፌሩ እኮ ሰዓት አክባሪ ናቸው፤ አሥራ አንድ ሲሉ አሥራ አንድ ነው። አምሳ ዓመት ነድተው አንዴ አልዘገዩም አሉ። ወረቀቱን በኋላ እወስዳለሁ። እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፤ የመጀመሪያዋ ሰኞ ይምጡ፣ ራስዎን በነፃ እቀባለሁ። ለርስዎ ግማሽ ማንኪያ ይበቃል!»

ሳቋን ከደረጃው ሰማሁት። ተነስቼ ወጣሁ፤ ሁለተኛው እርከን ላይ ስደርስ የታችኛው በር ተዘጋ። ወደ መስኮቱ ተመለስኩ። ደብተሩን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጃንጥላዋን ሳትዘረጋ፣ መኪኖቹን በእጇ እያስቆመች መንገዱን ትሻገራለች። ጥግ ላይ፣ በጫማ ሠሪውና በመድኃኒት ቤቱ መካከል፣ አንድ ሽማግሌ ቁልፍ በጣታቸው እያሽከረከሩ ቆመዋል። መስኮቱን ከፍቼ ልጠራት አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ግን ደርሳ እጇን ዘርግታ ነበር።